አባቴ ሾርባውን እምቢ ያሉበት ክረምት

አባቴ አንደበታቸው የተያዘው ለመናገር በተነሡበት ቀን ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ ፍልሰታ በገባች ሰሞን፣ የየአገሩ ጭቃ ሹምና ሽማግሌ ከተማ ገብቶ ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ። አባቴ የመንደራችን ጭቃ ሹም ነበሩ። መንደራችን በደብረ ኤልያስ በኩል ነው፤ በክረምት ጭቃው ጉልበት ይውጣል። እኔ በቅሏቸውን እየሳብሁ ተከተልኋቸው። ያን ጊዜ ሚስት አግብቼ የራሴን ጎጆ ወጥቻለሁ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች።

አባቴ በሙግት የታወቁ ሰው ናቸው። ነገር የሚይዙት ከሩቅ ነው። ባላጋራቸውን "ተጠየቅ" ብለው ይጀምሩና ትንንሽ ነገር ይጠይቁታል፤ እሱም አዎ፣ አዎ፣ አዎ ሲል ይቆይና ሳያውቀው ከገደሉ አፋፍ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መውደቁ የራሱ ሥራ ነው። ይህን ለመስማት ሰው እርሻውን ጥሎ ይመጣ ነበር። እኔ አፌ እንደ እርሳቸው አልተፈታም። "አንተ ከበሬ ጋር ኑር፣ በሬ መልስ አይጠይቅህም" ይሉኝ ነበር። እኔም ኖርሁ። በሬ ከሰው ይሻላል፤ ይህን ዛሬም አልለውጥም።

ከተማው ሜዳ ላይ ቆመን አንድ ጣሊያናዊ ሹም ብዙ ተናገረ። የሚያስተረጉምለት ሰው የእኛው አገር ሰው ነው። እንዲያውም ድንበርተኛችን ነበር። በመሬት ነገር ከአባቴ ጋር ተሟግቶ፣ አባቴ እየጠየቁ እየጠየቁ በገዛ አፉ ረትተውት፣ ሰው ስለሳቀበት አገር ጥሎ ጠፋ። አስመራ ገባ ሲባል ሰማን። ኋላ ጣሊያን ሲመጣ ጫማ አድርጎ አብሮ መጣ። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል መጀመሪያ የጠራው አባቴን ነው።

"አንተ ሽማግሌ! አፍህን እናውቀዋለን። ተነሥና ለመንግሥት መገዛትህን ተናገር።"

አንተ ነው ያላቸው። ድፍን አገር አንቱ የሚላቸውን ሰው።

አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ..." አሉ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊሉ ሲሞክሩ አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ፣ ምላሳቸው ወጣ፣ እንደ በግ ያለ ድምፅ አወጡና በቀኝ ጎናቸው ወደቁ። ምን ሊሉ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ግን "እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፣ ሊሉ የነበረው እንዲህ ነው" የሚል ውሸታም ስንቱን አየሁ! አንዱ ጣሊያንን ሊሰድቡ ነበር ይላል፤ አንዱ ሊገዙ ነበር ይላል። እኔ ልጃቸው አላውቅም፤ እነዚህ ያውቃሉ።

"ምች ነው፣ ምች ነው" ተባለ። አንዱ ውኃ ደፋባቸው። አንዱ ዳማከሴ ፍለጋ ሮጠ። ጣሊያናዊው ሹም ሐኪም ቤት ይወሰድ አለ። ለእርሳቸው አዝኖ አይደለም። መንግሥት ሩኅሩኅ ነው እንዲባል ነው። እዚያው ሜዳ ላይ አስተርጓሚው ይህንኑ ጮኾ ተናገረ፤ አባቴ ገና ከመሬት አልተነሡም።

ሐኪም ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲጥል ጆሮ አያሰማም። አልጋው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የተደረደረ ስለሆነ፣ ሰው ሲነጋ የሌላውን ቁስል እያየ ይነሣል፣ ሲመሽ እያየ ይተኛል። ሽታውን እንዴት ብዬ ልናገረው? የሚያቃጥል መድኃኒት ላዩ ላይ፣ ሽንትና መግል ከሥሩ። ይህ ሽታ ጋቢዬ ውስጥ ገብቶ ስንት ጊዜ ታጥቦም አልወጣ አለኝ፤ በመጨረሻ ለውሻ ማስተኛ አደረግሁት።

የአባቴ ቀኝ እጅና እግር እንደ እንጨት ሆነ። አፋቸው ተጣሞ ለሐጭ በአገጫቸው ይወርዳል። ከወገባቸው በታች ያለውን አልናገረውም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በከብት መካከል ያደግሁ ነኝ፤ በእበት እጄን ሳልታጠብ እንጀራ የቆረስሁ ሰው ነኝ። የአባት ግን ሌላ ነው። ሳጥባቸው ፊቴን እንዳያዩት ወደ ጎን እዞር ነበር። ሐኪሙ፣ ወፍራሙ ጣሊያናዊ፣ እጅጌውን ሰብስቦ አንዳንድ ቀን ራሱ ያጥባቸው ነበር። ይህን አልክድም። የእኛ ሰዎች በር ላይ ቆመው በነጠላ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር።

ከጎናችን ባለው አልጋ እግሩ የተቆረጠ እስላም ነጋዴ፣ የከተማው ሰው፣ ተኝቷል። ሼሁ ነበር የምንለው። ምግቡ ከቤቱ ይመጣለታል። በመጀመሪያው ቀን ለአባቴ የሥጋ ሾርባ ቀረበ። አባቴ ጥርሳቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። ሼሁ ከትራሱ ቀና ብሎ፦

"እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላ፣ አባትህ በፍልሰታ ፍስክ አይበሉ። ወላሂ ይህ ጣሊያን ሾርባውን ለማን እንደሚያፈላው አላውቅም!" አለ።

ሳቅሁ። እዚያ ቤት የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወጥ ቤቱን ለምኜ የገብስ ሙቅ፣ ቅቤ ያልነካው፣ እንዲሠራልኝ አደረግሁ። እሱንም እምቢ። ማንኪያው ሲመጣ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ይስቡታል። ብርድ ልብሱን ስመልሰው ይስቡታል። ውኃ እንኳ የሚወስዱት ሁሉም ሲያንቀላፋ እኔ በጨርቅ ነክሬ ከንፈራቸው ላይ ሳደርግላቸው ነው። ሰውነታቸው በዓይኔ እያየሁት ሟሟ።

አስተርጓሚው ምግብ በቀረበ ቁጥር አይቀርም። ሥራው ነው ይበሉ እንጂ እኔ አውቀዋለሁ። ከአልጋው ግርጌ እግሩን አንፈራጦ ይቆማል።

"እህ፣ ሙግተኛው! ዛሬስ ማንን ትረታለህ? እስቲ ተጠየቅ በለኝ!"

አባቴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"አየህ፣ ለሐጩን አየህ? ያ ሁሉ ምላስ ቀልጦ ነው የሚወርደው" ይለኛል ወደ እኔ ዞሮ። በጡንቻ ቢሆን ኖሮ አንገቱን እንደ ዶሮ እጠመዝዘው ነበር። በር ላይ ወታደር አለ። ሰው እንዲህ ሲሆን ሳይ ከቁስል ይልቅ ይሄ ያቅለሸልሸኛል። ቁስል ይታጠባል።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይዞ መጥቶ አሳየኝ፤ ወደ አፍንጫውና ወደ ሆዱ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ጎንበስ ብሎ ተረጎመው፦

"ጉሮሮህ ሞቷል ይልሃል። በአፍንጫህ ይህ ጎማ ይገባልሃል፤ እንደ ጥጃ ስትጠባ ትውላለህ። ነገ ካልበላህ ነው።"

የአባቴ ዓይን ወደ እኔ መጣ። ሙታን እንዲህ አያዩም።

ነገሩ ጾሙ ነው ብዬ ቆረጥሁ። ሙቁን የፍስክ ድስት ነክቶታል ብለው ነው፣ ወይም በሽተኛ ሆነው እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም ብለው ነው አልሁ። እሳቸው በጾም ቀልድ አያውቁም። እኔም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ሁላችን ይህንኑ ነው ያሰብን፤ ከእኛ አገር ሰው ሌላ ነገር የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የነፍስ አባታችንን ለማምጣት ያንኑ ቀን አገር ቤት ወረድሁ።

ቄሱ ፈራ። "ልጄ፣ ከተማ መግባት ጥሩ አይደለም፣ ዘመኑ ክፉ ነው" አለ። "አባ፣ ሰውዬው በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው" አልሁት። ከበር አልሄድለት ስል ተነሣ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሲያለቅስ በበቅሎ ላይ ነው ያለው፤ እኔ ጭቃውን በእግሬ ነው የማቦካው።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ገብቶ ወታደሩን ሲያይ ከእኔ ኋላ ሆነ። መስቀሉን አባቴ ራስ ላይ አድርጎ፦

"ጌታው፣ በሽተኛ ጾም የለበትም። ፈትቼዎታለሁ። እግዚአብሔር ይፍታዎት" አለ። እስከዚህ ድረስ ደግ። ከዚያ አስተርጓሚው ሲመጣ አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። "ለመንግሥትም ይታዘዙ። መንግሥት የሰጠዎትን ይብሉ። መታዘዝ ጽድቅ ነው!"

ማን ጠየቀው? ይህን ጨምር ብሎ ማን ለመነው? የአባቴን በቅሎ አውሼ ያመጣሁት ሰው ይህን ሊጨምርልኝ ነው? አስተርጓሚው "አበጁ አባ" አለው፤ ቄሱም ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ እንዳየሁ እስከ ዛሬ መስቀሉን ስሳለም ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ሙቁን አቀረብሁ። ጾሙ ተፈትቷል። አባቴ ጥርሳቸውን ገጠሙ።

"እንግዲህ የእኔ ሥራ አልቋል" ብሎ ቄሱ ወጣ። አስተርጓሚውም "ጎማው ከሰዓት ይመጣል" ብሎ እየሳቀ ተከተለው።

ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ምን ላድርግ? አባቴ መናገር አይችሉም። መጻፍ አያውቁም፤ እኔም ብሆን ከዳዊት ደጅ ብዙ አልራቅሁም። ግን አእምሯቸው አለ። ይህን ማወቅ ፈለግሁና ጠጋ ብዬ፦

"አባየ፣ ይሰሙኛል? አዎ ከሆነ ቅንድብዎን ያንሡ። አይደለም ከሆነ ዓይንዎን ይጨፍኑ" አልሁ።

አንዱ ቅንድባቸው ተነሣ።

"እኔ ልጅዎ ነኝ?"

ተነሣ።

"የጎረቤት አህያ ነኝ?"

ትክ ብለው አዩኝ። ቅንድባቸው ከፍ አለ። ሼሁ ከጎን "አላህ ያውቃል፣ አልተሳሳቱም!" አለ። አእምሯቸው በቦታው ነው ያለው፤ በዚህ አወቅሁ።

እንግዲህ የእርሳቸውን ሥራ እኔ ልሠራው ነው። እኔ፣ ከበሬ ጋር ኑር የተባልሁት። ሙግት ከሩቅ ይያዛል ብለዋል፤ ከሩቅ ያዝሁት።

"አባየ፣ ይጠየቁ። ጾሙ ነው?" ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የነፍስ አባታችን የፈታው አላረካዎትም?" ጨፈኑ።

"የጣሊያን እህል ስለሆነ ነው?" ትንሽ ቆዩ። ጨፈኑ። ይህ እኔንም ገረመኝ።

"መርዝ አለበት ብለው ነው?" ጨፈኑ።

"መዋጥ ያምዎታል?" ጨፈኑ።

ሙግተኛ ለምን ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ እኔ አልችልም። ለምን ለሚባል ነገር ቅንድብም ዓይንም መልስ የለውም። ያለችኝ አዎና አይደለም ናት። ፈራሁ፤ ግን ጠየቅሁ።

"መሞት ፈልገው ነው?"

ዓይናቸው ገላመጠኝ። በደህናው ጊዜ ሞኝ ነገር ስናገር እንደሚገላምጡኝ። ከዚያ አጥብቀው ጨፈኑት፤ ቆዳቸው እስኪሸበሸብ።

"መኖር ይፈልጋሉ?"

ቅንድባቸው ተነሥቶ አልወርድ አለ።

ያን ጊዜ ማንኪያውን እንደገና አነሣሁ። ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ሳበው። በርዶዎት ነው ብዬ ልጠይቅ ስል እጁን አየሁት። ወደ ዓይናቸው አይደለም የሚስቡት። አፋቸውን ብቻ ነው የሚሸፍኑት። ዓይናቸው ደግሞ ከእኔ አልፎ ፊት ለፊት ካለው አልጋ፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ አስተርጓሚው ከሚቆምበት ከግርጌ ሄደ።

"አባየ፣ ሰው ስለሚያይዎት ነው?"

ቅንድባቸው አልተነሣም። ዓይናቸው አልተጨፈነም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህን እንኳ መመለስ አፈሩ።

አሁን ያለ ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል። በእኛ አገር የተከበረ ሰው አፉ ሲላወስ አይታይም። እንግዳ ካለ ሚስቱ ወይም አሽከሩ ነጠላ ዘርግቶ ይከልለዋል፤ ጠላ ሲጠጣም እንዲሁ። ዓይን እንዳይበላው የሚል አለ፣ ክብር ነው የሚል አለ። እኛ እንዲህ ነው ብለን አንነጋገርበትም፤ ቤት በር አለው ብሎ የሚነጋገር የለም። ከተማ ገብተን፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ሰው ሁሉ ራቁቱን ከተኛበት አዳራሽ ውስጥ ሆነን ይህን ያሰበ የለም። ነገሩ እርሳቸውን አለቀቃቸውም። ያውም ደህናው አፍ አይደለም። የተጣመመው፣ ለሐጭ የሚያወርደው፣ ያ አስተርጓሚ ሊስቅበት የቆመበት አፍ ነው።

ጋቢዬን አወለቅሁ። አንዱን ጫፍ በጥርሴ ያዝሁ፣ ሌላውን በአልጋው ራስ ብረት ላይ ጣልሁት፣ ከውስጥ ገባሁ። ሼሁ ሳይነግሩት ፊቱን ወደ ሌላ ጎን አዞረ። ማንኪያውን አስጠጋሁ።

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ።

ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ በአገጫቸው ወረደ። የወረደውን እያፈስሁ መልሼ አገባሁት። ድምፁ የውሻ አበላል ነው። በዓይኔ ስር ያ የአገር አፍ እንዲህ ሆኖ ሳየው ከማዘን ይልቅ ዘገነነኝ፤ እንደዘገነነኝም አወቁ። ግን መብላታቸውን አላቆሙም፤ ከእኔ አልተደበቁም። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ወዲያው ጋቢው ተመነጨቀ። አስተርጓሚው ነው።

"ምን ትደብቃለህ? ሽጉጥ ነው? ወረቀት ነው?"

አባቴ ጥርሳቸውን ገጠሙ። ሙቁ ገና በጢማቸው ላይ ነው። አስተርጓሚው አየና "እርኩስ!" አለ፣ ተፋ።

ሐኪሙ ጎማውን ይዞ መጣ። እኔ ወደ አስተርጓሚው፦

"ንገረው። አባቴ መዋጥ ይችላሉ። ሰው እያያቸው ስለሆነ ነው የማይበሉት በለው" አልሁ።

አስተርጓሚው ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ። ሐኪሙ ወደ እኔ እያየ ጣቱን ከጆሮው በላይ አዞረ። እብድ ነው ማለቱ ነው፤ ይህ ትርጉም አያሻውም። ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ብቻ አይደሉም አፍ የሌላቸው። እኔም አፌ ያለው በዚህ ሰው አንገት ውስጥ ነው።

ሐኪሙን በእጅጌው ያዝሁት። ወታደሩ በሰደፍ ሊመታኝ መጣ፣ ሐኪሙ በእጁ መለሰው። ጎትቼ ከአልጋው አጠገብ አንበረከክሁትና ጋቢውን በሦስታችን ላይ ጣልሁት። ከውስጥ ትንባሆና ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሳህኑን ጠርጌ አንድ ማንኪያ አገኘሁ። አባቴ ሐኪሙን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ።

"አባየ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን ከሰው አይቁጠሩት" አልኋቸው።

ቅንድባቸው ተነሣ። ከፈቱ። ዋጡ። ሐኪሙ ጣቱን ጉሮሯቸው ላይ አድርጎ ነበር፤ ሲወርድ ተሰማው፣ ሳቀ፣ ትከሻዬን መታኝ። ከጋቢው ወጥቶ ጎማውን ኪሱ ከተተ። የእንጨት እግር ያለው የጨርቅ መከለያ አስመጥቶ በአልጋው ዙሪያ አስቆመ። አስተርጓሚውን እየጮኸ ነገር ተናገረው፤ አስተርጓሚው ፊቱ ጠቆረ። እኔም ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ጣሊያን ውስጥም ሰው አለ ብዬ አሰብሁ።

አባቴ መብላት ጀመሩ። ጉንጫቸው ተመለሰ። በቅንድባቸው ላሟ ወለደች ወይ፣ አጥሩ ፈረሰ ወይ ድረስ እንነጋገር ጀመር። ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ተነጋገርን ብል ውሸት አይደለም፤ ድሮ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት፣ እኔ ከመከለያው ውስጥ እያበላኋቸው ሳለ ብዙ የጫማ ድምፅ መጣ። የጣሊያን ሹማምንት ናቸው፤ ሐኪሙ ከፊት ሆኖ እየሳቀ ይመራቸዋል። ምን እንደሚላቸው አላውቅም፤ ግን እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ እንደ ጨርቅ ዘርግቶ ያሳያቸዋል። ሁሉም ይስቃል። እንደ ተአምር ሊያሳያቸው ነው ያመጣቸው። መከለያውን ራሱ ገለጠው። አንደኛው ሣጥን የመሰለ ፎቶ ማንሻ አስተካክሎ ነበር።

አባቴ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሙቁ በአገጫቸው ላይ ነበር። ፎቶ ማንሻው ቀጭ አለ።

ጣሊያኖቹ ለአባቴ እጃቸውን እያነሡ ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ። ሐኪሙ ትከሻዬን እንደገና መታኝ፤ ደስ እንዲለኝ ነው የጠበቀ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረና፦

"ምን ያኮማትርሃል? ክብር ነው የሰጡህ። ያባትህ አፍ ሮም ይታያል!" አለኝ።

ሮም ይታያል!

አልመታሁትም። አልሰደብሁትም። ከእርሱ የባሰብኝ ሐኪሙ ነው። ያኛው ጠላት ነው፣ ከጠላት ምን ይጠበቃል? ይህኛው ግን ገብቶት ነበር። ጋቢ ሥር ገብቶ አይቶ፣ ገብቶት፣ ከዚያ ነው ለወዳጆቹ የገለጠው።

ወደ አባቴ ዞርሁ። ጥርሳቸው ገጥሟል።

"አባየ፣ ቤት እን..."

ሳልጨርሰው ቅንድባቸው ተነሣ።

ዘመድ ጠርቼ ቃሬዛ አስመጣሁ። ሐኪሙ እየጮኸ በር ድረስ ተከተለን፤ ይሞትብሃል እንደሚለኝ ገባኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። አልተመለስሁም። ሼሁ ከአልጋው ሆኖ "አላህ ያሽርልህ፣ ልጄ። እኔም እግር ቢኖረኝ እከተላችሁ ነበር" አለ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ቃሬዛውን በራሳችን ላይ ተሸክመን ተሻገርን። አባቴ ያን ሁሉ መንገድ ዓይናቸው ክፍት ነበር።

ቤት ከገባን ተረፍን ብዬ ነበር። በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ጥየቃ መጣ። በሽተኛ ሊጠይቅ አይደለም፤ አውቃለሁ። ያ አፍ ምን ሆነ፣ እንዴት ተጣመመ፣ ሊያይ ነው። አንዱ ከአንዱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ "ወይኔ ጌታው፣ ይህን አየሁ!" ይላል፤ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም ያደርጋል። ከእነዚህ መካከል ለአባቴ ነገር የተረቱ አሉ፣ አባቴ ነገር የረቱላቸውም አሉ። ዓይናቸው አንድ ነው። ፎቶ ማንሻ ስለሌላቸው ነው እንጂ።

ተነሥቼ "ውጡ" አልሁ። ዘመድ ሳልል፣ ሽማግሌ ሳልል። ያን ቄስም ጭምር። በሩን ዘጋሁ፣ መወርወሪያ አደረግሁበት። ሚስቴ ነጠላዋን አውልቃ በአባቴ ፊት ዘረጋች፤ በሩ ተዘግቶም ዘረጋችው። አባቴ በሉ።

መስቀል አልፎ፣ ጤፉ ታጭዶ፣ እስኪሞቱ ድረስ ያ በር ለጠያቂ አልተከፈተም። አገሬው "ትዕቢተኛ፣ አባቱን ሰው እንዳይጠይቅ ከለከለ" አለኝ። ለቅሶ የመጣውም ይህንኑ እያለ ነው የበላውና የጠጣው። አሁንም ሲያልፉ የሚሉኝ አሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ይበሉ።